ያልቀለጠ ቅባት

ላሊበላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአስቻለች፣ አሰብ

ሰላምታዬ እንደ ቅባቱ መንገድ ላይ ሳይቀልጥ ይድረስሽ። እኔም፣ አክስታችን እትዬ ወለተ ሩፋኤልም፣ ከእኔ አብልጠው የሚወዷት በቅሏቸውም ደኅና ነን።

ወቀሳሽ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ የላኩልኝ ቅባት ሳይሆን ሾርባ ነው» ያልሽውን ለእትዬ ሳነብላቸው ዘልዬው ነበር። ፊቴን አይተው ሳያውቁት አልቀሩም፤ እስከ ሰንበት ድረስ አኩርፈውኝ ከረሙ። ለልጅሽ ለምትኬ ሽፍታ ብለው ሰሙን፣ ለጋ ቅቤውንና እሬቱን አዋሕደው ያነጠሩ እሳቸው፣ ጠርሙስ ሞልቶ የላከ እኔ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አምናለሁ። እስከ አፉ ሞላሁት፤ ክዳኑንም በጨርቅ ብቻ አሰርኩት። ቅባት ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲነፋ መውጫ ይፈልጋል፤ በዚህ በዚህስ ከሰው አይለይም።

የአውሮፕላን ዕቃ ጫኙን ምስጋኑን ጠይቄው ነበር። ሰማይ ላይ ሳለ የዕቃው ቦታ ብርድ ነው ይላል። ቅባቱን የሚፈጀው መሬት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሌላ አውሮፕላን እስኪዛወር ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አሰብ ሲደርስ ደግሞ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይወረወራል። ስለዚህ አሁን በትንሽ ቅል አድርጌዋለሁ፤ ቅል እንደ ጠርሙስ ሙቀት አይስብም። ላዩን ጎደል አድርጌ፣ አፉን በሰም ደፍኜ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ በጤፍ ጭድ መሃል አስቀምጬዋለሁ። ከሌላ ዕቃ ጋር እንዳይጫን መንገደኛ በእጁ ይዞት እንዲሄድም ለምኛለሁ።

ስለ ምትኬ የጻፍሽውን ግን አልዘለልኩም። አንገቷና ብብቷ መላጡን፣ ስትነኪያት መጮኋን ሳነብላቸው እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። የስምንት ወር ልጅ ምን በደለች?

ታፈረስ? በደብዳቤሽ ጫፍ እንኳ ሰላም አይለኝም። ባልሽ አኩርፎኝ ከሆነ ንገሪኝና ልካስ።

ይህን ደብዳቤ ከአንቺ ቀድሞ ለሚከፍተው ጓድም ሰላምታዬ ይድረሰው። ሥራው አድካሚ ነው።

ወንድምሽ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ


አሰብ፣ መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ፤ በባለፈው ደብዳቤ አፌ ስለታም ነበር። ልጅ ሲታመም ሰው ክፉ ይሆናል፤ ይቅር ይበሉኝ። እትዬንም ይቅር በሉኝ ይበሉልኝ።

ቅሉ ሳይሰበር ደርሷል። ውስጡ ግን ሰሙ ለብቻው፣ ቅቤው ለብቻው ሆኗል፤ ቅቤውም ሸቷል። ምትኬን ስቀባት ባሰባት። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እዚህ ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥላል። የበር ብረት በጨርቅ ይዘን ነው የምንከፍተው። «በረዶ አይገኝም ወይ?» ላሉኝ፣ ይገኛል፤ ገዝቼ ቤት እስክደርስ ውኃ ይሆናል።

ሐኪሙ የነገረኝን ጠይቀውኝ ነበርና ልጻፍልዎ። «ይህች ልጅ ደጋ ካልወጣች ከሐምሌ ሙቀት አታልፍም» ነው ያለኝ። ወንድሟ ሰጠኝም በዚሁ ሽፍታ እንደጀመረው ያስታውሳሉ። እሱን እዚሁ አሸዋ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። እሷንም አልቀብርም ብዬ ይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ ከለከሉኝ። ምክንያቱን በደብዳቤ አልጽፈውም።

ታፈረ ደኅና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።

እህትዎ አስቻለች


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

በዚህ ጾም የምበላው ስላነሰ ሐሳብ በዝቶልኛል፤ ከሐሳቤ አንዱ ሳይሠራልን አይቀርም፣ ደስ ይበልሽ።

ሰሞኑን ስለ ምትኬ ሱባዔ ልይዝ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጄ ነበር። ዋሻውን ታስታውሺዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉትን ሙታን አይተሽ ጋቢዬ ሥር የተሸጎጥሽበት ነው። ከባሕር ማዶ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ከዚህ ወጥተን አንሄድም ብለው ስለት ተስለው ያረፉ ናቸው ይባላል። እንዳሉት ናቸው፤ ቆዳቸው እንኳ ከአጥንታቸው ላይ አልተላቀቀም። እኔም ጸሎቴን ትቼ ይህን አሰብኩ፤ ውጭ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ እዚህ ግን ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ነው፣ ደረቅም ነው፣ የሚበሰብስም የለም። ታዲያ ለቅባት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ከኋላ፣ ፀሐይ አይቶት ከማያውቀው ጥግ ሁለት እፍኝ አፈር እምነት ብዬ ዘገንኩ። ሰው ሁሉ ከየደብሩ እምነት ይወስዳል፤ ለግንባርም ለሆድም ይቀባል። እኔ ለቅባት መያዣ ባደርገው ማን ይቀየመኛል? የዋሻውን ጠባቂ አባ ወልደ ሰንበትን ጸሎት ላይ ስለነበሩ አልጠየቅኋቸውም። እትዬ አዲስ ያነጠሩትን ቅባት በቅል አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ አፈሩ መሃል ቀብሬዋለሁ።

በቅሏቸው ዛሬ ዐመል አውጥታለች። ወደ አውሮፕላን ሜዳ ስንወርድ በየምዕራፉ ቆማ ወደ ኋላ ታይ ነበር። እኔም ዞሬ አየሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ለእትዬ አትንገሪብኝ፣ አንድ ጊዜ መትቻታለሁ።

ገብረ ሊባኖስ


አሰብ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እኔ ዘንድሮ ሁለት ፋሲካ ነው የዋልኩት፤ ምትኬ ተኝታ አደረች!

ሣጥኑን ያመጣው ሰውዬ ከአውሮፕላን ሲወርድ እጆቹን በየብብቱ ሸጉጦ ነበር። «ምን በረዶ ነው ያስያዙኝ?» አለኝ። ስከፍተው ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ፤ የአገሬ ማለዳ ነው ብዬ አለቀስኩ። ቅባቱ ከላዩ እንኳ አልላላም። ገና ብብቷን ስቀባት ዝም አለች። አሁን ቁስሉ ደርቋል፤ ቆዳዋም እንደ አራስ ልጅ ሆኗል። ሣጥኑን ከራስጌዋ አስቀምጬዋለሁ፤ ክፍሉ ራሱ ቀዝቅዟል።

እትዬን በኔ ስም ሁለቱንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። በቅሎዋንም ይካሷት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስለ ጎረቤቴ ስለ ደብሪቱ ጽፌልዎት አውቃለሁ፣ የኛው አገር የኩልመስክ ሰው ናት። ፋሲካ ማግስት እንጀራ ልትበደረኝ ገብታ ወጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «እናትሽ መቼ መጡ?» አለችኝ። ከሣጥኑ ጋር የላኩት ሰው ነበር እንዴ?

አስቻለች


ላሊበላ፣ ግንቦት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ሁለት ደብዳቤሽ በአንድ ላይ ደረሰኝ፤ አንዱ እንደ ጠጅ አስደሰተኝ፣ ሁለተኛው እንደ ጌሾው መረረኝ።

አይ፣ ከዚህ የመጣ ሰው የለም። እናታችንን አንቺና እኔ ነን የቀበርናት። በሁለተኛው ደብዳቤሽ እንደጻፍሽው ደብሪቱ አየሁ ያለችው፣ ውኃ ሻጩም አየሁ ያለው፣ አጭር፣ ማቅ የለበሰች፣ ሰላም ሲሏት የማትመልስ አሮጊት በዘመዶቻችን ውስጥ አላውቅም። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ከእኛ ወገን ሊሆን አይችልም፤ እኛ ሰላምታ ስንጀምር ነው የሚመሸው።

የአሰብ ሙቀት ያላየውን ሰው ያሳያል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ውኃ ጠጪ። ግን አንቺስ አይተሻታል ወይ? ይህን በሁለቱም ደብዳቤ አልጻፍሽልኝም። ምትኬ «ማላብ ተወች» ስትይስ ምን ማለትሽ ነው? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ለእትዬ የማነበውን እኔ እመርጣለሁ።

ገብረ ሊባኖስ


አሰብ፣ ግንቦት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎ የማምነው ሰው ነው፤ ፖስታ ቤት አልገባም። ስለዚህ የደበቅሁትን ሁሉ ልናገር።

ታፈረን ጥር ላይ ወስደውታል። ጨው ማምረቻው ውስጥ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሠራተኛው መጠጥ ውኃ ለምን ጨው ጨው ይላል ብሎ ጠየቀ። ይኸው ነው። የታሰረ ሰው ሚስት ይለፍ አይሰጣትም። «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልኩ ስዋሽዎት ከረምኩ፤ እውነቱን ብጽፍ እርስዎንም የሚያስጠይቅ መሰለኝ።

ሴትዮዋን እኔ አይቻት አላውቅም። ከእኔ በቀር ሁሉም ያያታል። ሁልጊዜ በቀትር ነው፣ ሰው ሁሉ ከሙቀት ተሸሽጎ ሰፈሩ ጭር ሲል። የቀበሌው ጠባቂ ሞላ በመስኮት አይቷት፣ «ያልተመዘገበ እንግዳ አሳድረሻል» ብሎ ጮኸብኝ። ምን ልበል? እናቴ ናት አልኩት። ለደብሪቱም እናቴ አይደለችም አላልኳትም፤ ታዲያ ማን ናት ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ደብሪቱ «ኩሩ ናቸው እናትሽ፣ ግን ልጅ ማባበል ያውቁበታል» ትለኛለች።

እኔ የማየው ይህን ነው። ለምትኬ ከጣሪያው ያንጠለጠልኩላት የጨርቅ አልጋ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። አይዘገይም፣ አይቸኩልም፤ ልጅ ያሳደገ እጅ ነው የሚያወዛውዘው። ምትኬ ወደ ጥጉ እያየች ትስቃለች፣ እጇን ትዘረጋለች። ከኔ እጅ ሆና እንኳ ወደዚያ ነው የምታየው።

ደግሞ አታልብም። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጫጫ እኔ ስንጠባጠብ እሷ ደረቅ ናት። ማልቀስም ትታለች። ጡት ስትይዝ አፏ ይቀዘቅዘኛል። በፊት ይህን ሁሉ ጸጋ ነው ብዬው ነበር። አሁን አላውቅም ጋሼ። አፈሩ ከየት ነው ያሉኝ?

አስቻለች


ላሊበላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ታፈረን ማሰራቸው! ውኃ የጠየቀ ሰው! ስሙን ቅዳሴ ላይ እያነሣሁት ነው። ለኔ ብለሽ መዋሸትሽን ይቅር አልልሽም፤ ብቻሽን አልቅሰሽ ከርመሻላ።

ደብዳቤሽን ለእትዬ ሳልመርጥ ሁሉንም አነበብኩላቸው። የሣጥኑ ነገር ላይ ስደርስ፣

«ቆይ፣ አፈሩን ከየት ነው የዘገንከው?» አሉኝ።

«ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከኋላ ካለው ጥግ።»

«ሰዎቹ ካሉበት?»

«ከዳር ነው እትዬ። አፈር ነው።»

«ምኑ ነው አፈር! አንት የማታፍር! እነዚያ ሰዎች ከዚህ አንወጣም ብለው ነው እኮ የሞቱት። አንተ በአውሮፕላን አወጣሃቸው!»

መሪጌታ ሆኜ ጥፊ ቀመስኩ። የሚገባኝ ነበር።

በማግስቱ ዋሻው ሄድኩ። እኔ የዘገንኩት ሁለት እፍኝ ነው፤ ምዬ ብናገርም አላፍርም። ያገኘሁት ግን የእፍኝ ጉድጓድ አይደለም። ሰው ተኝቶ ተነሥቶ የሄደበት ቦታ ነው፤ የራሱ፣ የትከሻው፣ የተረከዙ ጎድጓዳ ሳይቀር ይታያል። ቁመቱ አጭር ነው። አባ ወልደ ሰንበት ከኋላዬ መጥተው ቆሙ፣ አልተቆጡም። «እንግዳችን በፋሲካ ጾም ነው የወጡት። የወሰዳቸው ሰው መንገዱን ካላሳያቸው አይመለሱም» አሉኝ።

እትዬ የሚሉሽ ይህን ነው፤ «ሴትዮዋ ልጅሽን አይጠሏትም፣ ይወዷታል። ግን ሙት የሚያውቀው ማሳረፍ ብቻ ነው። ምትኬንም ቀስ በቀስ ያሳርፏታል።» እህቴ፣ ለምኜሻለሁ፣ ሣጥኑን ከነአፈሩ መልሺልኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ሜዳው ጭቃ ሲሆን አውሮፕላን እስከ መስከረም አይወርድም።

ገብረ ሊባኖስ


አሰብ፣ ሰኔ 5 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

አልመልስም።

እርስዎ ሙት ይፈራሉ፣ እኔ ፀሐይ ነው የምፈራው። ሰጠኝን የገደለው ሙት አይደለም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደንግጬ ሣጥኑን ከቤት አውጥቼ ደብሪቱ ጓሮ አስቀመጥኩት። ያን ዕለት ቀትር ላይ የምትኬ አንገት መልሶ ተላጠ። ትንፋሿ አጠረ፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ሮጬ ሣጥኑን መለስኩትና አልጋው መወዛወዝ ሲጀምር አመሰገንኩ። አዎ፣ የማላየውን ሰው አመሰገንኩ። እናት ነኝ፤ ልጄን የሚያበርድልኝ ማንም ይሁን።

«ቀስ በቀስ ያሳርፏታል» ያሉት እውነት መሆኑን አላጣሁትም። ትናንት ደረቷ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ልቧን ለመስማት ብዙ ቆየሁ። ሣጥኑ ቢሄድ በአንድ ቀን፣ ሣጥኑ ቢቀር በአንድ ክረምት። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ የትኛውን ልምረጥ? መልስ ከሌለዎት አይጻፉልኝ።

አስቻለች


ላሊበላ፣ ሰኔ 11 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

መልስ አለኝ። ያገኙት እትዬ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሁለቱንም ላኪያቸው። ሣጥኑንም ምትኬንም፣ በአንድ አውሮፕላን። እስክትደርስ ሣጥኑ ያበርድላታል፤ ከደረሰች ደግሞ ሐኪሙ ያላት ደጋ ይኸው ነው፣ የማንም ቅዝቃዜ አያስፈልጋትም። ደብሪቱ ለእህቷ ተዝካር ኩልመስክ ልትመጣ ይለፍ ማውጣቷን ጽፈሽልኝ ነበር። በእሷ እጅ ላኪልኝ። ጎረቤታችን ገለቴ አራስ ናት፣ ጡቷ ለሁለት ይተርፋል። የእትዬም ላም ወልዳለች።

ምስጋኑ እንደሚለው የሚመጣው ሐሙስ አውሮፕላን የክረምቱ መጨረሻ ነው። ሜዳው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጅሽን ከእጅሽ ለይተሽ ላኪ ማለት ምን እንደሆነ አውቄ ነው የምጽፈው። ሌላ መንገድ ባገኝ ኖሮ በጉልበቴ ተንፏቅቄም ቢሆን አሰብ እመጣ ነበር፤ ለእኔም ይለፍ ከለከሉኝ።

ገብረ ሊባኖስ


አሰብ፣ ሰኔ 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ይህን ወረቀት መጠቅለያዋ ውስጥ ያገኙታል።

የቀረውን ቅባት ዛሬ ሁሉንም ቀባኋት። አጥብቄ አልጠቀለልኳትም፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ላዩን ጎደል አድርጌ ነው። ለደብሪቱ «ከዕቃ ጋር እንዳታስቀምጫት፣ ኮምቦልቻ ላይ ጥላ ፈልጊላት፣ ሣጥኑን ከጎኗ እንዳታርቂው» ብያታለሁ። 

ወተት ሲሰጧት ማንኪያውን ትነክሳለች። ሲያስተኟት ጀርባዋን መታ መታ ያድርጓት፣ ቶሎ ቶሎ አይደለም። ጆሮዋን ስትይዝ እንቅልፏ መጥቷል ማለት ነው። 

ሣጥኑን ስከድን ወደ ባዶው ጥግ ዞርኩ። እስካሁን አንድ ቀን አነጋግሬያቸው አላውቅም ነበር። «እማማ፣ አገርዎ ሊገቡ ነው። ስለዋሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን አደራ» አልኳቸው። አልጋው መወዛወዙን አቆመ።

አስቻለች


አሰብ፣ ሐሙስ ሰኔ 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቴሌግራም ልኬልዎታለሁ፤ እሱ ባይደርስ ይህ እንዲደርስዎ ነው። ደብሪቱ ከአውሮፕላን ሜዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

አውሮፕላኑ ሥር ስትደርስ ይለፏ ቀኑ አልፏል ብለው መለሷት። «ልጅቷስ?» አልኳት፣ ደረቷን ይዤ። «ምን ያስጮኽሻል? ለእናትሽ ሰጠኋቸዋ» አለችኝ። «አውሮፕላኑ መሰላል ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ልጅቷንም ሣጥኑንም ተቀብለው ገቡ። አብረው እንደሚሄዱ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ አይደለችም ብዬ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ! አንድ ቃል ነው የፈራሁት። አሁን አውሮፕላኑ ሄዷል። አደራ ብያለሁ፤ ለማን አደራ አልኩ ጋሼ? ልጄን ማን ተቀበላት?

አስቻለች


ላሊበላ፣ ሰኔ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ምትኬ እጄ ላይ ናት። ቴሌግራምሽ ሲመጣም እጄ ላይ ነበረች፤ «ደርሳለች፣ ደኅና ናት» ብዬ መልሼልሻለሁ። በቴሌግራም ብዙ ስለማይወራ የቀረውን እነሆ። ይህ ደብዳቤ በወልድያ በኩል በመኪና ስለሚመጣ ይዘገያል።

ሐሙስ ዝናቡ ሲያጉረመርም አውሮፕላኑ ወረደ። እኔ ደብሪቱን ነው የምጠብቀው። ሰዎቹ ወርደው አለቁ፣ ደብሪቱ የለችም።  ምስጋኑ ዕቃ ሊያወርድ ገባና ብቅ ብሎ፣ «መሪጌታ፣ እናትዎን ይደግፏቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በሩ ላይ ቆመው ነበር። አጭር ናቸው፤ ማቃቸው ከማርጀቱ የተነሣ ቀለሙ አይታወቅም። ምትኬን በግራ ክንዳቸው ታቅፈዋል፣ ሣጥኑን በቀኝ ብብታቸው ይዘዋል። ይደግፏቸው የተባልኩት እኔ መሰላሉን ተደግፌ ቆምኩ። ማንም ወረቀት አልጠየቃቸውም፤ ኮምቦልቻም ላይ እንዳልጠየቃቸው ምስጋኑ ሰምቷል።

ወርደው ልጅቷን ዘረጉልኝ። እጃቸው እጄን ነካው። ደረቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የእትዬን እሬት ይሸታል። ምትኬ የወንዝ ድንጋይ ያህል በርዳለች፣ ዓይኗ ተከድኗል። አልደብቅሽም እህቴ፣ አልቃለች ብዬ ነበር። «እማማ፣ ይፍቱኝ» አልኩ፤ ስንት ቅኔ የዘረፈ አፍ ሌላ ቃል አልወጣውም።

አንድ ነገር ተናገሩ። ግዕዝ አይደለም፣ አማርኛም አገውኛም አይደለም። ቋንቋውን አላውቀውም፤ አነጋገሩን ግን አውቀዋለሁ። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ሲያስረክብ እንደዚያ ነው የሚናገር። ከዚያ መዳፋቸውን ከግንባሯ ላይ አነሡ።

ምትኬ ጮኸች። የአውሮፕላኑን ሞተር የሚያስንቅ ጩኸት ነው የጮኸችው። ቀና ስል እሳቸው ሣጥኑን አቅፈው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስደውን መንገድ ይዘዋል። ልከተላቸው ነበር፤ ልጅ ይዣለሁ፣ ዝናቡም መጣ። ዛሬ ጠዋት አባ ወልደ ሰንበት ሰው ልከውልኝ ነበር። ቦታው ሞልቷል።

መስከረም እስኪጠባ እንጠብቅሻለን። ታፈረም ቢፈታ፣ አንቺም ይለፉን ብታገኚ፣ ባታገኚም እዚያው በር ላይ እየጮኽሽ ተቀመጪላቸው እንጂ ዝም አትበያቸው።

ልጅሽ ማንኪያውን ትነክሳለች። ገለቴንም ነክሳታለች። ሌሊቱን ሙሉ በማልቀሷ ጎረቤት ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል፣ አንድም የተቆጣ የለም። አሁን እትዬ ምድጃው አጠገብ ታቅፈዋት ተቀምጠዋል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግላት ብዬ እጄን ብሰድ እትዬ መቱኝ።

«ተወው» አሉኝ። «ትንሽ ልየው።»

ወንድምሽ ገብረ ሊባኖስ